የሞተርሆም ጎማ አመራረጥ፣ የንፋስ አሞላልና እንክብካቤ፦ ዝርዝር መመሪያ

ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ ተኝተውና አብስለው የሚጓዙበት መኪና፣ ከተራው የቤት መኪና የሚለየው ጭነቱን የሚያራግፍበት ቀን ስለሌለው ነው። የጭነት መኪና ጭኖ ይሄዳል፣ አራግፎ ባዶውን ይመለሳል። ሞተርሆም ግን አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ማቀዝቀዣውንና የውሃ ጋኑን እንደተሸከመ ይጓዛል፣ እንደተሸከመም ለወራት ይቆማል። ጎማው ሁልጊዜ የአቅሙ ጣሪያ አጠገብ ነው፤ ሥራ ሲፈታም ከክብደቱ ሥር አይወጣም። ለዚህም ነው አብዛኛው የሞተርሆም ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ የሚሞተው፤ ወይ ንፋስ አንሶት ከውስጥ ይቃጠላል፣ ወይ አርጅቶ ይሰነጠቃል።

ብዙ ሰው ጎማ ሊገዛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ስም እንደሚሻል ነው። በእኔ እምነት ይህ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከሱ በፊት መመለስ ያለበት መኪናው በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያሳርፍ ነው።

ደረጃ 1፦ ሚዛን ላይ ውጡ

ክብደቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን ውስጡ የታመቀው ንፋስ ነው። ስለዚህ "ስንት ልሙላ?" የሚል ሰው መጀመሪያ "ስንት ይመዝናል?" ለሚለው መልስ ይዞ መምጣት አለበት። የመኪናው ሰነድ ላይ ያለው ባዶ ክብደት እዚህ ላይ አይጠቅምም። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተገጠሙት ተጨማሪ ባትሪ፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ የጎን ዳስ፣ የብስክሌት መስቀያ በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ለሚዛን ስትሄዱ ለጉዞ እንደምትወጡ አድርጋችሁ ጫኑ። የነዳጅ ጋን ሙሉ፣ የንጹሕ ውሃ ጋን ሙሉ፣ ጋዝ፣ ልብስ፣ ምግብ፣ ዕቃ፣ ሰዎቹም በየመቀመጫቸው ይሁኑ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ 100 ሊትር የሚይዝ ጋን ብቻውን የአንድ ወፍራም ሰው ያህል ይጨምራል።

ከዚያ በሦስት ዙር መዝኑ፦ የፊት ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ፣ ቀጥሎ መኪናው በሙሉ፣ በመጨረሻ የኋላዎቹ ብቻ። መድረኩና ዙሪያው ያለው መሬት እኩል ደልዳላ ከሆነ፣ መኪናውን ወደ ጎን አውጥታችሁ የግራውንና የቀኙን ለየብቻ መመዘን ትችላላችሁ። ይህን አትዝለሉት። ማቀዝቀዣው፣ ወጥ ቤቱና የውሃ ጋኑ በአንድ ወገን የተሰበሰቡበት መኪና ሞልቷል፤ የአክስሉን (የግራና የቀኝ ጎማ የሚያገናኘውን ዘንግ) ክብደት ለሁለት አካፍሎ መውሰድ የከበደውን ጎን ይደብቅባችኋል።

ከኋላ አክስል ወደ ኋላ የተንጠለጠለ ዕቃ ደግሞ ከራሱ ክብደት በላይ ይጫናል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ነው እንበል። ከኋላ አክስል 2 ሜትር ወደ ኋላ በተገጠመ መስቀያ ላይ 60 ኪሎ ብስክሌት ብትሰቅሉ፣ የኋላ አክስሉ የሚጨምረው 60 ሳይሆን 90 ኪሎ ነው። የቀረው 30 ኪሎ ከፊት አክስል ላይ ይነሣል። መሪው የቀለለበት፣ በዝናብ የፊት ጎማዎቹ የሚንሸራተቱበት መኪና ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

የተገኘውን ቁጥር በመኪናው ላይ ከተለጠፈው የአምራቹ ሰሌዳ ጋር አስተያዩ። ሰሌዳው ለፊት አክስል፣ ለኋላ አክስልና ለጠቅላላው የተለያየ ገደብ አለው። ጠቅላላው ክብደት በገደቡ ውስጥ ሆኖ የኋላ አክስሉ ብቻውን ሊያልፍ ይችላል። አክስሉ ከገደቡ ካለፈ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ጎማ ብትገዙ አይፈታውም፤ ዕቃውን ወደ ፊት ማዛወር ወይም ቤት ትቶ መሄድ ነው መድኃኒቱ።

ደረጃ 2፦ የጎማውን ጎን አንብቡ

225/75አር16ሲ 121/120አር የሚል ጽሑፍ አገኛችሁ እንበል። 225 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 75 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ ሲሰላ ነው። አር ራዲያል (የውስጥ ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን የተዘረጉ) መሆኑን፣ 16 የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች፣ ሲ ደግሞ ለቀላል የጭነት መኪና የተሠራ መሆኑን ይናገራል።

ትልቁን ቁም ነገር የያዘው ቀጥሎ ያለው ነው። 121 የጭነት መለያ ቁጥር ነው፤ ነጠላ ሆኖ ሲገጠም አንዱ ጎማ 1,450 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 120 ደግሞ ከኋላ ጥንድ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት፣ ሲገጠም ነው፤ እያንዳንዱ 1,400 ኪሎ። በሞተርሆም ላይ የምታገኟቸው ሌሎች ቁጥሮች 109 (1,030 ኪሎ)፣ 112 (1,120 ኪሎ)፣ 116 (1,250 ኪሎ) እና 118 (1,320 ኪሎ) ናቸው። የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ኤል 120፣ ኤን 140፣ ኪው 160፣ አር 170 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ሕጉ አጭር ነው። መጠኑ መኪናው ላይ ከተለጠፈው ጋር አንድ ይሁን፣ የጭነት ቁጥሩ እኩል ወይም በላይ ይሁን። ከሚዛን ያመጣችሁትን የከበደ ጎን ከጎማው አቅም ጋር ስታስተያዩ ትርፍ አቅም ካለ ጥሩ ነው፤ ልክ ልኩን ከሆነ ግን ከፍ ያለ ቁጥር ፈልጉ። ቸርኬውም የራሱ የጭነትና የንፋስ ጣሪያ እንዳለው አትርሱ። ጎማው 80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ስለቻለ ቸርኬው ይችላል ማለት አይደለም።

በአውሮፓ መጠን ሲፒ የሚል ምልክት ያለው ጎማ ለሞተርሆም ተብሎ የተሠራ ነው። ጎኑ የተጠናከረ ሲሆን፣ ጭኖ ለረጅም ጊዜ መቆምን ታሳቢ ያደርጋል። በአሜሪካ መጠን ኤልቲ ተብሎ የሚጀምረው የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ነው፤ እንደ ንፋሱ ጣሪያም በፊደል ይመደባል፦ ሲ 50 ፒኤስአይ (ከላይ ካየነው ሲ የተለየ ነው)፣ ዲ 65፣ ኢ 80። ኤስቲ የሚል ጎማ ብታዩ ግን ምንም ያህል ጠንካራ ቢመስል እለፉት፤ እሱ ለተጎታች ብቻ ነው፣ መሪ ለሚዞርበትና ሞተር ለሚያሽከረክረው አክስል አልተሠራም። ለተራ የቤት መኪና የሚሸጠው የተጠናከረ ጎማም ለቀላል የጭነት መኪና የተሠራው ጎማ ምትክ አይሆንም።

የፊት ጎማው የሚጎትተው ሞተርሆም ከሆነ ስለ ጥርሱም ትንሽ አስቡ። ከኋላ የከበደ፣ ከፊት የቀለለ መኪና እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ ለመውጣት ሲሞክር ባለበት ይሽከረከራል። ጥልቅ ጥርስ ያለው የ4 ወቅት ጎማ እዚያ ላይ ከሞተሩ ጉልበት የበለጠ ዋጋ አለው። በረዶ ባለበት አገር የምትነዱ ከሆነ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለውን ፈልጉ። ኤምና ኤስ (ጭቃና በረዶ) የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን በየአገሩ ተቀባይነት የላቸውም፤ ጀርመን ለምሳሌ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክረምት ጎማ አድርጋ የምትቀበለው ባለ ተራራ ምልክቱን ብቻ ነው።

የስሙ ጥያቄ አሁን ይምጣ። መጠናቸውና የጭነት ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ሁለት የታወቁ አምራቾች መካከል፣ እኔ በቅርብ የተመረተውን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ደረጃ 6 ላይ አለ።

ደረጃ 3፦ ንፋሱን ከሠንጠረዥ አውጡ

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የንፋስ መጠን ብዙ ሰው እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። ቁጥሩ የሚለው ግን "ከፍተኛውን ጭነት ለመሸከም ይህን ያህል ንፋስ ያስፈልገኛል" ነው። የእናንተ መኪና ያን ያህል ካልከበደ ያን ያህል ላያስፈልግ ይችላል፤ ከከበደ ደግሞ ከዚያ በታች መሙላት አይቻልም። ጎረቤት የሞላውን መሙላትም እንዲሁ ትርጉም የለውም፤ የሱ መኪና የእናንተን ዕቃ አልጫነም።

እያንዳንዱ አምራች ጭነትንና ንፋስን የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ያወጣል። ኤልቲ225/75አር16 ጎማ ነጠላ ሆኖ ሲገጠም በግምት እንዲህ ነው፦

በ50 ፒኤስአይ 880 ኪሎ
በ65 ፒኤስአይ 1,060 ኪሎ
በ80 ፒኤስአይ 1,215 ኪሎ

ሚዛኑ የኋላ አክስሉን ግራ 1,010 ኪሎ፣ ቀኙን 940 ኪሎ አሳየ እንበል። የሚወሰደው የከበደው ነው፤ 1,010። በ50 አይቻልም፣ በ65 ይቻላል፤ ግን የቀረው ትርፍ 50 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ ጄሪካን ውሃና ጥቂት ዕቃ ይበላዋል። ስለዚህ 5 ፒኤስአይ ጨምሩና 70 ሙሉ። በአንድ አክስል ላይ ያሉ ጎማዎች ሁሉ ደግሞ እኩል ይሞላሉ፤ የቀለለው ጎን ብሎ ማሳነስ የለም። ፊትና ኋላ ግን የተለያየ ቢሆን ምንም ችግር የለውም፤ እንዲያውም የተለመደው እሱ ነው።

ሚዛን እስክታገኙ ድረስ በሹፌሩ በር አጠገብ የተለጠፈውን የመኪናውን አምራች መጠን ያዙ። ሲፒ ጎማ ከሆነ ለኋላ ነጠላ ጎማ 5.5 ባር፣ ማለትም 80 ፒኤስአይ ገደማ፣ የሚመክሩ አምራቾች አሉ፤ ይህ መጠን የጎማውን የተለየ አሠራር ታሳቢ ያደረገ ስለሆነ የአምራቹን ሠንጠረዥ ሳትይዙ አትቀንሱ። መለኪያችሁ በባር ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ወይም 100 ኪሎፓስካል ነው።

ሲበዛስ? መኪናው ይንጫጫል፣ የቁም ሳጥኑ ብሎኖች ይላላሉ፣ ጎማው መንገዱን የሚነካበት ስፍራ ይጠባል፣ የመካከሉ ጥርስ ቀድሞ ያልቃል። ሲያንስ የሚመጣው ጉዳት ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ንፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይቃናል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት መጀመሪያ እንደሚሞቅ፣ ቀጥሎ እንደሚበጠስ፣ በጎማው ጎን ውስጥ ያሉት ክሮችም እንደዚያው ይሞቃሉ፣ ይዝላሉ። ጉዳቱ ከውጭ አይታይም፤ ዛሬ የተጎዳው ጎማ ንፋሱ ከተስተካከለ ከሳምንታት በኋላ ሊፈነዳ ይችላል።

ደረጃ 4፦ በቀዝቃዛው ለኩ፣ ሲሞቅ አትንኩ

በሠንጠረዥም ሆነ በበር ላይ ያለው መጠን ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ ማለት ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር ያነሰ የተነዳ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ማለዳ ነው፣ ፀሐይ አንዱን ጎን ሳታሞቅ። መኪናው ካደረበት ፀሐይ የነካው ወገን ከጥላው ወገን ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ይህን ያላወቀ ሰው የሞቀውን አጉድሎ ጉዞ ይጀምራል።

ከጥቂት ሰዓት ጉዞ በኋላ ንፋሱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ከፍ ማለቱ ጤናማ ነው፤ ጎማው የተሠራውም ያንን ታስቦ ነው። በዚያ ሰዓት አታስተንፍሱ። ሲሞቅ ያጎደላችሁት ሲቀዘቅዝ በታች ሆኖ ይገኛል።

አየሩ ራሱም ይቀያይረዋል። 80 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ 3 ፒኤስአይ ያህል ይወጣል ወይም ይወርዳል። ከ30 ዲግሪ ቆላ ተነሥታችሁ ማለዳው 5 ዲግሪ ወደሆነበት ደጋ ብትደርሱ 8 ፒኤስአይ የጠፋ ይመስላል፤ ጎማው አላፈሰሰም። ከፍታ በበኩሉ ወደ ተቃራኒው ይጎትታል፤ በየ1,000 ሜትሩ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 1.5 ፒኤስአይ ያህል ከፍ አድርጎ ያነባል። ሁለቱን እያሰላችሁ አትጨነቁ። ባላችሁበት ቦታ፣ በማለዳ፣ ለክብደታችሁ የሚገባውን መጠን ሙሉ።

መለኪያው ቢያንስ እስከ 100 ፒኤስአይ የሚያነብ የራሳችሁ ይሁን። የነዳጅ ማደያ መለኪያ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ማንም አያውቅም። ትንሽ ኮምፕረሰር ስትገዙ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር አትመኑ፤ ለቤት መኪና የተሠራው 50 ላይ ደርሶ ያቃስታል፣ ይግላል፣ ያቆማል።

ረጅም ጉዞ ባለበት ቀን ሁሉ ጠዋት፣ መኪናው ቆሞ ሲከርም በወር አንድ ጊዜ ለኩ። ጤናማ ጎማም በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያጣል። አንዱ ከጓደኞቹ በላይ እየወረደ ከሆነ ምስማር፣ የላላ ቫልቭ ወይም የተበላ ቸርኬ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ከሚገባው መጠን 20 በመቶና ከዚያ በላይ ጎድሎ የተነዳ ጎማ እንደ ባዶ የተነዳ ይቆጠራል፤ 80 የሚገባው ጎማ በ64 ከተነዳ ማለት ነው። ይህን ጎማ መንገድ ዳር ተንበርክኮ መሙላት አይገባም፣ በተለይ በጎኑ የብረት ክር ያለውን የትልቅ ሞተርሆም ጎማ። የዛሉት ክሮች ንፋሱ ሲገባ ተራ በተራ ተበጥሰው ጎኑ በአንድ ጊዜ ሊቀደድ ይችላል፤ የሚወጣው ንፋስ ሰው ይገድላል። ጎሚስታው ከቸርኬው አውጥቶ ውስጡን ይየው፣ ሲሞላም በብረት ፍርግርግ ውስጥ አድርጎ ከሩቅ ይሙላ።

ደረጃ 5፦ ቫልቭ፣ ጥንድ ጎማና ማስጠንቀቂያ መሣሪያ

በቤት መኪና ላይ የሚገጠመው ተራው የላስቲክ ቫልቭ የሚችለው 65 ፒኤስአይ፣ ወደ 4.5 ባር ያህል ነው። 80 የሚሞላ ጎማ ላይ እሱን የገጠመ ሰው ደካማውን ነጥብ በገዛ እጁ ሠርቷል። በብሎን የሚታሰር የብረት ቫልቭ ወይም ለከፍተኛ ንፋስ የተሠራ አስገጥሙ፤ ጎማ በተቀየረ ቁጥርም ይቀየር። ክዳኑም ቆሻሻና እርጥበት የሚከላከል ሥራ ስላለው አይጥፋ።

ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው መኪና አንድ የተደበቀ ጠባይ አለው። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው መኪናውን ደግፎ ይይዛል፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም የለም። የቀረው ጎማ ግን የሁለት ጎማ ጭነት ተሸክሞ እየተቃጠለ ነው። በዱላ መምታት ባዶውን ከሙሉው ይለያል እንጂ 80ን ከ55 አይለይም። ስለዚህ የውስጠኛውም ጎማ ቫልቭ እጅ የሚገባበት መሆን አለበት። ማራዘሚያ ከተገጠመለት ከቸርኬው ጋር ይታሰር፤ ካልታሰረ እየተወዛወዘ ራሱ ያፈስሳል። አዲስና ያለቀ ጎማ አታጣምሩ፤ በቁመታቸው መካከል ከ6 ሚሊሜትር የበለጠ ልዩነት ካለ ትልቁ አብዛኛውን ክብደት ይሸከማል፣ ትንሹ እየተጎተተ ያልቃል። በመካከላቸው የተሰነቀረ ድንጋይም በየዕረፍቱ ይታይ።

የንፋስ መከታተያ ሴንሰር ለሞተርሆም ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ ገንዘቡን የሚያስመልስ ይመስለኛል፣ ለጥንድ ጎማ ደግሞ የግድ ነው። ፋብሪካው ገጥሞት የመጣ ከሆነ ግን መቼ እንደሚጮህ እወቁ። በአሜሪካ እስከ 4,536 ኪሎ ላሉ መኪናዎች የወጣው ደንብ የሚጠይቀው ንፋሱ 25 በመቶ ሲወርድ እንዲያስጠነቅቅ ነው። ከላይ እንዳየነው ደግሞ 20 በመቶ የጎደለ ጎማ ወርዶ መታየት ያለበት ነው። ለከበደ መኪና ያ ጩኸት ዘግይቷል። ደረጃውን ራሳችሁ የምትሰጡት ከሆነ ከቀዝቃዛው መጠን 10 በመቶ ገደማ በታች ላይ አድርጉት። በቫልቭ ላይ የሚጠመጠም ዓይነት ከሆነ ቫልቩ ብረት ይሁን፤ የሴንሰሩ ክብደት ላስቲኩን ያንገላታዋል።

ደረጃ 6፦ ልደቱን ፈልጉ

ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚሉት ፊደላት የሚጀምረው መስመር በ4 አሃዝ ያበቃል። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል። 3 አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ንግግር አያስፈልገውም። ሙሉው ጽሑፍ በአንደኛው ጎን ብቻ ሊኖር ስለሚችል ከውጭ ካጣችሁት መኪናው ሥር ገብታችሁ በባትሪ መብራት ፈልጉ። አዲስ ስትገዙም ሳይገጠም በፊት አንብቡት፤ መጋዘን ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት የተኛ ጎማ በአዲስ ዋጋ መግዛት የለባችሁም።

ላስቲክ ውስጥ ከፀሐይና ኦዞን ከሚባለው ላስቲክ ጎጂ ጋዝ የሚከላከሉ ኬሚካሎችና ሰም አሉ። እነሱ ወደ ላይ የሚወጡት ጎማው ሲሽከረከርና ሲታጠፍ ነው። ቆሞ የሚከርም ጎማ ይህን መከላከያ አያገኝም፤ በዓመት ብዙ ከሚነዳው ይልቅ ጥቂት የሚነዳው ቶሎ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ስለዚህ "ገና ጥርሱ አዲስ ነው" የሚለው ለሞተርሆም ማስረጃ አይሆንም።

መስከረም 2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሰሪ በተባለ አውራጃ ውስጥ አንድ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ 3 ሰዎች ሞቱ። ጎማው ከ19 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። በብሪታንያ ከየካቲት 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ በአውቶቡስና በከባድ ጭነት መኪና የፊት አክስል ላይ መጠቀም ተከልክሏል። ደንቡ ሞተርሆምን ባይመለከትም ፊዚክሱ አንድ ነው። የታወቁ አምራቾች 5 ዓመት የሞላው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ምንም ቢመስል እንዲወገድ ይመክራሉ። እኔ 10 ዓመትን ዒላማ አላደርግም፤ የፊቶቹን በ6 ወይም በ7 ዓመት እቀይራለሁ፣ መሪው ያለው እዚያ ነውና። ተጠባባቂውም ጎማ ያረጃል፣ ተረስቶ።

ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ሲታዩ እንዲታይላችሁ አድርጉ፤ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ፣ እብጠት ወይም የታየ ክር ካለ ጎማው አይነዳም። ጥርሱን በተመለከተ በአውሮፓ ሕጋዊው ወለል 1.6 ሚሊሜትር ነው። ለከበደ መኪና በእርጥብ መንገድ 3 ሚሊሜትር፣ በበረዶ 4 ሚሊሜትር ላይ መቀየር ይሻላል።

አጨራረሱም ይናገራል። መካከሉ ካለቀ ንፋስ በዝቷል፣ ሁለቱም ትከሻዎች ካለቁ አንሷል፣ አንድ ወገን ብቻ ካለቀ አላይመንት ማሠራት ነው፣ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ሾክ አብዞርበሩን ወይም ባላንሱን አስመርምሩ።

ደረጃ 7፦ ሲገጠም

ባላንስ ይሠራ፣ አዲስ ቫልቭ ይግባ፣ ንፋሱን እናንተ ንገሩት። ጎሚስታው የለመደው ሌላ መኪና ነውና ካልተነገረው በልምድ ይሞላል። ብሎኖቹ በመጨረሻ በእጅ የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) በመኪናው መመሪያ ላይ ባለው መጠን ይጥበቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሹ። መኪናውን ለማንሣት ክሪኩ የሚገባበትን ነጥብ አሳዩት፤ የቤቱ ወለል ክሪክ አይችልም።

ደረጃ 8፦ ለረጅም ጊዜ ሲቆም

ውሃውን አፍስሱ፣ የሚወርደውን ከባድ ዕቃ አውርዱ። ጎማው ቆሞ ቅርጹ እንዳይጎብጥ ንፋሱን ጎኑ ላይ እስከተጻፈው ጣሪያ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ቸርኬውና ቫልቩ የሚችሉ ከሆነ። ከመነሣታችሁ በፊት ወደ ጉዞው መጠን መልሱት፤ ማስታወሻ መሪው ላይ ለጥፉ። ዘይት የነካው ወለል ላይ አታቁሙ፤ ወፍራም ጣውላ ወይም ፕላስቲክ ከሥር አድርጉ። ጣውላው ከጎማው እግር ሰፋ ይበል። በተለይ ጥንድ ጎማ ላይ ውስጠኛውና ውጫዊው ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ያርፉበት፤ ግማሹ አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ውስጡ ይጎዳል። መኪናውን ለማስተካከል የምታስገቡት ማሻቀቢያም ይህንኑ ሕግ ይከተል።

ጎማዎቹን ነጣ ባለ ልባስ ሸፍኑ። የሚሠራ ጄኔሬተር ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር አጠገብ አታቁሙ፣ ኦዞን ያመነጫሉ። የሚያብረቀርቅ ቅባት አትቀቡ፤ ብዙዎቹ ነዳጅ ነክ ነገር ስላለባቸው መከላከያውን ሰም ያጥባሉ። ሳሙናና ውሃ ይበቃል። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱት፤ ባለበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማነቃነቅ የቆመበትን ነጥብ ከመቀየር በቀር ብዙ አይጠቅምም።

ደረጃ 9፦ መንገድ ላይ ከተቀደደ

የፊት ጎማ ሲፈነዳ መኪናው ወደዚያ ወገን በኃይል ይጎትታል፣ እግርም በደመ ነፍስ ወደ ፍሬን ይሄዳል። ፍሬን አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ መኪናውን በመስመሩ ያዙ፤ ነዳጁን በድንገት ከመልቀቅ ይልቅ ለአፍታ ጫን ማድረግ የመጎተቱን ኃይል ይቋቋማል። መኪናው ቀጥ ካለ በኋላ ነዳጁን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፣ በራሱ ይቀንስ፣ ከዚያ ወደ ጠንካራው ጠርዝ ውጡ።

ብዙ ሞተርሆም ተጠባባቂ ጎማ የለውም፤ የሚሰጠው ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕረሰር ነው። ፈሳሹ የሚሠራው በጥርሱ በኩል ለገባ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ለተቀደደ ጎን አይሆንም። የማብቂያ ቀንም አለው፣ አሁኑኑ እዩት። ቦታ ካላችሁ ቸርኬ ባይኖረው እንኳ ትክክለኛ መጠን ያለው አንድ ጎማ ብቻውን መያዝ ይጠቅማል፤ የሞተርሆም መጠን በየሱቁ አይገኝም። ምስማር የበሳውን ጎማ ጎሚስታው የሚጠግነው ቀዳዳው በጥርሱ መካከል ሆኖ ከ6 ሚሊሜትር ካልበለጠ ነው፤ ያውም ከቸርኬው ወርዶ፣ ከውስጥ ተለጥፎ።

ከጥንዱ አንዱ ከፈነዳ ደግሞ የቀረው ጎማ ምን ያህል መንገድ ብቻውን እንደሄደ ለጎሚስታው ንገሩት። እሱም ወርዶ ውስጡ ይታይ፤ ደህና ቢመስልም በአዲሱ ጎን ዝም ብሎ አይገጠም።